የሰማዩን ኤክስሬይ ማን አነሳው?

ወልቂጤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ምግብ ቤት፣ አስተናጋጇ ሰላጣው ላይ አቼቶ ስታርከፈክፍ እኔ ሹካዬን አስቀምጬ እንባዬን መጥረግ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የወንድሜ ልጅ ሐያት ደነገጠች። «አክስቴ፣ ቃሪያው ነው?» አለችኝ። ኧረ እኔን የቡታጅራን ሴት ቃሪያ አያስለቅሰኝም! አቼቶው ነው። ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ መስኮት የሌላት፣ ቀይ አምፖል የሚበራባት፣ ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም አንዲት ጠባብ ክፍል ድንገት መጣችብኝ። ወጣትነቴን የጨረስኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። የኤክስሬይ ፊልም የምናጥብበት መድኃኒት እንዲሁ አቼቶ አቼቶ ይል ነበር፤ ልብሴም ሻሼም እጄም እንደዚያው። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «የሰው ሚስት ሽቶ ሽቶ ትላለች፤ እኔ ሰላጣ አገባሁ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

«ምንም አይደለም፣ ብዪ» አልኳት ሐያትን። እሷ ግን መብላት አልቻለችም። ለምን እንደመጣሁ ታውቃለቻ! አባቷ ሽኩር ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቡታጅራ ላይ ሚስማርና ሲሚንቶ፣ ቀለምና ቆርቆሮ ይሸጣል። ከልጁ ጋር ከተኳረፉ ሰንብተዋል። አንድ ጠዋት እዚያው ቡታጅራ ያለው ቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ እታለም» አለኝ።

«ወአለይኩሙሰላም። ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

«ልጅሽ ሰማይ ላይ ኤክስሬይ አለ ትላለች።»

«ምን አለ?»

«ኤክስሬይ። ከከዋክብቱም አልፎ ጥቁር ጉድጓድ አለ፣ ያንን በኤክስሬይ ያዩታል አለችኝ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምሬ አስመረቅኩ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ እሷ ይህን ጉድጓድ ለማየት ሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ልቀጥል ነው ትለኛለች። እዚህ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ፈልጎ ቦታ ይዞላታል። ከቤቷ ሳትወጣ!» አለና ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ማወቅ አልችልም። አንቺ ግን ኤክስሬይ ታውቂያለሽ። ሂጂና ሥራዋን እዪው። እውነት ከሆነ ትሂድ፣ አልከለክልም፣ ወላሂ። ውሸት ከሆነ ግን ሻንጣዋን አስይዘሻት ነይ» አለኝ።

እንግዲህ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ደጋውን በአረቅጥ በኩል አቋርጬ፣ ብርዱ እስከ አጥንቴ ገብቶ ወልቂጤ የደረስኩት ለዚህ ነው። በእኔ ጊዜ ይሄ መንገድ አልነበረም። ከቡታጅራ ወልቂጤ ለመግባት አዲስ አበባ ደርሰን እንመለስ ነበር፤ ልክ ጎረቤትን ለመጠየቅ አገር እንደመዞር። ባለቤቴ ወልቂጤ ላይ ልብስ ሰፊ ስለነበር ነው ያን ሁሉ ዞሬ እዚያ የከተምኩት። ሱቁ የነበረበት ቦታ አሁን ባለመስታወት ፎቅ ሆኗል፤ ከሥሩ ባጃጆች ተኮልኩለው ይጣራሉ። ቆሜ ብፈልግ ብፈልግ ደጃፉን ማግኘት አቃተኝ። ሐያት «አክስቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? በቴትረን ጨርቅ ሱሪ የሚሰፋ አንድ ሰውዬ ጠፋብኝ ልበላት? ያኔ እግሩ ወለል የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ፋሽን ነበር፤ አንዱ ጎረምሳ አሰፍቶ ሲሄድ ሌላው ከዚያ የባሰ ይስፋልኝ ብሎ ይመጣል። እኛ ሴቶቹ ከጉልበት በታች የሚወርድ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰን፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተን፣ በሽልንግ ፓስቲ ገዝተን ለሁለት ተካፍለን እንበላለን። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ሙዚቃ ቤት ትልቅ ስፒከር በር ላይ አውጥቶ ያንኑ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያንቆረቁረዋል። ዜማው አሁንም ጉሮሮዬ ሥር አለ፤ ግጥሙ ግን የለም፣ ድራሹ ጠፋ። ሰልፉና ስብሰባው የበዛበት ዘመን ነበር፤ እሱን ተዉት፤ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

ሆስፒታሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እንሰት መሃል ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወለል ልጠርግ ነው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን መድኃኒት በሚመጣበት ካርቶን ላይ ነው። ካርቶን አልጥልም ነበር፣ አነበዋለሁ። ይህን ያዩት የኤክስሬዩ ባለሙያ አቶ ተስፋዬ አንድ ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ ጨለማ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። ከጎጃም የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ የሚያንጎራጉሩ ሰው ናቸው። «የምፈራው እንኳ ጨለማ ሳይሆን ሰው ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ነይ፣ ሰው አይገባበትም» ብለው ፊልም ማጠቢያዋን ክፍል አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያ አልያዝኩም።

ፊልሙን መጀመሪያ አንዱ መድኃኒት ውስጥ ትነክሪዋለሽ። ቆይቶ፣ ያ ባዶ የነበረው ነገር ላይ በቀዩ መብራት ሥር ጎድን ብቅ ይላል፤ ሰው ከውሃ ውስጥ እየወጣ የመጣ ነው የሚመስለው። ከዚያ በውሃ ለቅለቅ፣ ቀጥሎ አቼቶ አቼቶ የሚለው ውስጥ፣ እንደገና ውሃ፣ ከዚያ እንደ ልብስ ማስጣት። ከግድግዳው ባሻገር የአቶ ተስፋዬ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ሳብ! ያዝ! እንዳትተነፍስ!» አንዳንዴ ፊልሙ ያለበትን ካሴት ሊያስተካክሉ ጎንበስ ሲሉ ተንፍስ ማለቱን ይረሱታል፤ ያ ምስኪን ሽማግሌ ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ትንፋሹን ታቅፎ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ አንዱ የእነሞር ሰው ፊቱ እስኪጠቁር ይዞ ቆይቶ፣ «ጌታዬ፣ ለዛሬ ይበቃኛል?» ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ተስፋዬ እዚያው ተቀምጠው ሳቁ። ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሰው ነበርና ለመነሳት እኔ ነኝ የጎተትኳቸው። ያ ሽርጥ ጨረሩን የሚያግድ ነው፤ በጋ ክረምት ከላያቸው አይወርድም። እኔ ሽርጥ አልነበረኝም፤ ግድግዳው ነው ሽርጤ።

ወደ ሐያት ልመለስ። ከምሳ በኋላ ተከራይታ ወደምትኖርበት ክፍል ወሰደችኝ። አልጋው ላይ አስቀመጠችኝና ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጥቁር ነገር። ጥቁሩ ላይ እዚህም እዚያም የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው አክስቴ። ሳተላይት ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ያነሳው ነው። ያነሱትን ለሁሉም ሰው ይለቁታል፤ እኔ አውርጄ ነው የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁበት። ይቺን መሃል ላይ ያለችውን እያት። ኳሳር ትባላለች።»

«ኳሳር የማን ናት?»

ሳቀች። «የማንም። በጣም ሩቅ ያለ ጋላክሲ መሃል ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ ይኖራል። ጉድጓዱ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ ይስበዋል። ጋዙ ወደ ውስጥ ሲሽከረከር እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፣ ያበራል። ያ ብርሃን ነው ኳሳር።»

«ቆይ፣ ጥቁር ነው አልሽኝ፤ ይሄ ግን ነጭ ነው።»

«ጥቁሩ አይታይም፤ የሚታየው ዙሪያው ነው።»

«እሺ። ኤክስሬዩን ማን አነሳው? ከበስተኋላው ማን ቆመ?»

«ማንም አልቆመም።»

«እንዴት ማንም አልቆመም? በአንድ በኩል ማሽኑ ይቆማል፣ መሃል በሽተኛው፣ በሌላው በኩል ፊልሙ። እኔ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማሽን ሳይኖር ኤክስሬይ አይነሳም።»

«አክስቴ፣ እዚያ በሽተኛው ራሱ ነው ጨረሩን የሚለቀው።»

ይሄን ስትለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ክፍል ሁሉ ተገለበጠ። ማሽኑም በሽተኛው፣ በሽተኛውም ማሽኑ። ትንፋሽ ያዝ የሚለው የለ፤ ተንፍስ የሚለው የለ። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ያው ሥዕል ነው፣ ግን አሁን ወረቀቱ ነጭ፣ ነጥቦቹ ጥቁር። «ይሄ ምንድን ነው ደግሞ?» አልኳት። «ያው ነው፤ ሲታተም ቀለም እንዳይፈጅ ገልብጬው ነው» አለችኝ። ወይ ጉድ! ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጋ «ያው ነው» ትለኛለች። የእኛን ቤት ታሪክ ብታውቅ ኖሮ እንዲህ አትቀልድም ነበር።

የእኛ ቤት ታሪክ ይኸውላችሁ። አባታችን በመስቃን ገጠሮች እየዞረ በርበሬ የሚሰበስብ ነጋዴ ነበር። ጎተራችን ከመኝታ ቤታችን በግድግዳ ብቻ ይለያል፤ እኛ ልጆቹ እያስነጠስን ተኝተን እያስነጠስን እንነሳለን። አባቴ ሳል ያዘው፣ አልለቀው ሲል እኔ ወዳለሁበት ሆስፒታል መጣ። ፊልሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የስንቱን ሰው ጎድን ከዚያ ገንዳ አውጥቼ አስጥቻለሁ፤ የአባቴ ጎድን ከመድኃኒቱ ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ ግን ሥራዬን ትቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት። አዝሎኝ የዞረ ጀርባ በዚያ በኩል ነበራ! ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አንዲት ትንሽ ነጭ ጠባሳ አሳየን፤ ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠው። በወጉ መሠረትም ፊልሙን በቡናማ ፖስታ አድርገን አስያዝነው፤ ያኔ ፊልም የበሽተኛው ነው፣ ይዞት ነው የሚሄደው።

ቡታጅራ ሲገባ ሰው ሊጠይቀው መጣ። ጠያቂም ሲመጣ ፊልሙ ይወጣል። ፀሐይ ላይ አንስተው ያዩታል፣ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሐጂ ነስሩ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ የተከበሩ፣ አንደበታቸው የሚጣፍጥ ሰው። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስተው አገላብጠው አዩና፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ወንድሜ፣ ሁለቱም ወገን አሯል» አሉ። «በርበሬ ሲገባ ቀይ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲቆይ ምን ይሆናል? ያራል። ሲያር ደግሞ ምን ይመስላል? ይኸው፣ ጥቁር! ከል የመሰለ!» ሰው ሁሉ እያየ አዎ አዎ አለ። ከዚያ መሃል ላይ ወዳለው ነጭ ጠቆሙ፦ «ልብህ ብቻ ነጭ ቀርታለች። እሷም ንጹሕ ሰው ስለሆንክ ነው።» እንዲህ ጥርት አድርገው ሲያስረዱት አባቴ እንዴት አይመን? በርበሬ ማለት ሞት ነው ብሎ ጎተራውን ሙሉ በወረደ ዋጋ አራገፈው። የገዙትም ሐጂ ነስሩ ናቸው። ያሉትን አምነውበት ይሆናል፣ ሳያምኑበትም ይሆናል፤ ያን አላህ ያውቃል፤ እሳቸውም ሞተዋል።

እኔ ለዒድ ስመጣ ጎተራው ተጠርጎ ባዶ ነው፤ ማንም አያስነጥስም። «አባ፣ ጥቁሩ እኮ አየር ነው!» አልኩት። «ደህና ሳንባ ፊልም ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚያስፈራው ነጩ ነው።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ነጩ ነው የሚያስፈራው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ልቤ ሙሉ ነጭ ናት። ልሞት ነው?»

«አይ፣ ልብ ነጭ መሆን አለበት።»

«እንግዲያው ነጭ ጥሩ ነው።»

«ልብ ላይ ጥሩ ነው፤ ሳንባ ላይ...»

«ልጄ» አለኝ፣ እጄን ይዞ፣ «አንቺ ራስሽ ግራ ገብቶሻል።» እውነቱን ነበር። ማጠብ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። የማውቀውን ያህል እንኳ ሳወራው ተወሳሰበብኝ። ሽኩር ያኔ ጎረምሳ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ አንዴ እኔን አንዴ ፊልሙን ያያል። አባቴ ኪኒኑን ዋጠ፣ ዳነ፣ ብዙ ዘመንም ኖረ፤ ወደ በርበሬ ግን አልተመለሰም። እስኪሞት ቃጫ ነገደ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ሽኩር ኤክስሬይ የተባለን ነገር ሁሉ ወደ እኔ የሚልከው። ጎረቤቱም ፊልም ይዞ ይመጣል። መስኮት ላይ አድርጌ አይና፣ «አላህ ያውቃል፣ ሐኪሙን ጠይቁ» እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ከዚያ እንደገና ጀመረች፣ አሁን ቀስ ብላ። ቴሌስኮፑ ሰማይ ላይ የተሰቀለው ከከዋክብት የሚመጣው ኤክስሬይ ምድር ስለማይደርስ ነው፤ አየሩ ያግደዋል። «እንደ እርሳስ ሽርጥ?» አልኳት። «በቃ፣ እንደ እርሳስ ሽርጥ!» አለች። ሱብሃነላህ! ይቺ ገባችኝ። ምድር ሽርጥ ለብሳለች። እኔ ስንት ዘመን ሽርጥ የለኝም ብዬ ሳስብ፣ ከሁሉ የሰፋው ከላዬ ነበር። ደስ ብሎኝ ሌላውንም ልረዳው ቋመጥኩ። «ጉድጓዱ እንደ በርበሬ ወፍጮ ነው?» አልኳት። «ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለው አፍ ለመንገደኛ አይታይም፤ ብናኙ ግን ወጥቶ መንገዱን ሙሉ ያስነጥሰዋል። ሰውም ወፍጮው እየሠራ መሆኑን በማስነጠሱ ያውቃል።»

«ከሞላ ጎደል ልክ ነሽ!»

«ግን ወፍጮ የፈጨውን ይመልሳል። ያንቺው ይውጣል አልሽ። የተዋጠው የት ይገባል?»

«እሱን... ማንም በደንብ አያውቅም።»

«እሺ፣ አሁን እየፈጨ ነው?»

«ያ ብርሃን ሲነሳ ፀሐይም ምድርም አልተፈጠሩም ነበር፣ አክስቴ። ገና አሁን ነው የደረሰን። አሁን ምን ላይ እንዳለ አናውቅም። ጋዙ አልቆበት ጨልሞ ይሆናል።»

እንግዲህ ተመልከቱ። በሽተኛው ፊልም ሲነሳ ሆስፒታሉ አልተሠራም። ፊልሙ ሲደርስ በሽተኛው የለም ይሆናል። እኔ ደግሞ ከጭኔ ላይ ኮምፒውተር አስቀምጬ ጎድኑን እፈልጋለሁ። ጨርሶ ጠፋኝ። ጭራሽ ሐያት ወደ አንድ ባዶ ቦታ ጠቆመችና፣ «እዚህ ጋ ሌላ ኳሳር መኖር ነበረበት። በሌላ ቴሌስኮፕ ደምቆ ይታያል። በኤክስሬይ ግን እዪው፣ ቴሌስኮፑ ስንት ሰዓት ዓይኑን ገልጦ ጠብቆ የደረሰው እፍኝ የማይሞላ ፍንጣቂ ነው። ለምን? ጋዝ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። በእውነት ደካማም ሊሆን ይችላል። የኔ ስህተትም ሊሆን ይችላል» አለች።

«አስተማሪሽስ ምን አለ?»

«እሱም አያውቅም።»

«ታዲያ የሚያውቅ ሰው ጠይቂያ!»

«የለም እኮ፣ አክስቴ። ይሄን ለማወቅ ነው መማር የምፈልገው።» ኮምፒውተሩን ከደነችው። «አባዬ ምን ብሎ ላከሽ?»

መደበቅ ምን ይሠራልኛል? ነገርኳት። እውነት ከሆነ ትሂድ፣ ውሸት ከሆነ ሻንጣዋን አስይዘሽ ነይ።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። «እንግዲያው ቀላል ነው። እውነት ነው በይው። አንቺ አዎ ካልሽው ያምናል፤ ሌላ ሰው አይሰማም።»

«ሳይገባኝ?»

«ምን ችግር አለው? እኔ እየነገርኩሽ!»

«የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው ያልገባውን ነገር ገባኝ ብሎ ሲናገር አይቻለሁ። አባቴ ጎተራውን ጠርጎ ነው የሰጠው። እኔ በአባትሽ ላይ ይህን አላደርግም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ስለዚህ ሕይወቴ አንቺ እስኪገባሽ ድረስ ሊጠብቅ ነው?» አለችኝ። ይቺ ልጅ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ውስጤን ወጋኝ፤ የተናገረችው እውነት ስለሆነ ነው የወጋኝ። ሻንጣዋ አልጋው ሥር ይታየኛል፤ አልነካሁትም። እዚያው አድሬ በማግስቱ ጠዋት ስሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት በኩል እጄን ጨበጠችና፣ «አክስቴ፣ በቃ ያየሽውን ንገሪው» አለች። ያየሁት ምንድን ነው? ጥቁር ላይ ነጭ፣ ነጭ ላይ ጥቁር።

መንገዱን ሙሉ ለሽኩር የምለውን ስገጣጥም መጣሁ። አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል። ያቺን የሽርጧን ነገር ብጀምርለት ደስ ይለዋል፤ ግን እሷ ብቻዋን ሰው አዲስ አበባ ታስልካለች? ደጋው ላይ ጭጋጉ ወርዶ ሾፌሩ መብራት አበራ። ከጎኔ የተቀመጠች የጉመር ሴት ገብስ በከረጢት ይዛ፣ «እናቴ፣ ታመው ነው? ብቻዎን ያወራሉ» አለችኝ። «አይ፣ ፈተና አለብኝ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ገብሷን አቅፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ሽኩር ሱቁ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት። ከኋላዬ ሻንጣ የያዘ ሰው እንዳለ አንገቱን አስግጎ አየ። ማንም የለም። ፊቱ ላይ ደስታም ቅሬታም ለየሁ ማለት አልችልም።

«እህስ፣ እታለም?»

«አልገባኝም» አልኩት።

«ምን ማለት ነው አልገባኝም?»

«ሁሉንም አሳየችኝ፣ ሁሉንም አስረዳችኝ። ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ። አልገባኝም። አንዲት ነገር ብቻ፣ አየሩ ሽርጣችን መሆኑ፣ እሷ ገባችኝ። ሌላው ድብልቅልቅ አለብኝ። እውነት ነውም ውሸት ነውም ልልህ አልችልም።»

መዳፉ ላይ አንድ ሚስማር ያገላብጣል። «እሷስ? እሷ ሁሉ ነገር ገብቷታል?»

«ኧረ የለም! ባዶ ቦታ አሳይታኝ ለምን ባዶ እንደሆነ አላውቅም አለችኝ። የኔ ስህተትም ሊሆን ይችላል አለች። አስተማሪዋም አያውቅም።»

«ራሷ ነው ያለችሽ? የኔ ስህተት ሊሆን ይችላል ብላ?»

«በገዛ አፏ።»

 አንድ ሰው ቆርቆሮ ሊጠይቅ መጥቶ ቆመ፤ ሽኩር በእጁ ቆይ አለው። ከዚያ፣ «ውሸት ቢሆን ኖሮ ገብቶሽ ትመለሺ ነበር» አለኝ።

«ምን?»

«እኔን በዚህ ሱቅ ውስጥ ያጭበረበረኝ ሰው ሁሉ ጥርት አድርጎ ነው ያስረዳኝ፣ እታለም። ሲሚንቶው መቼ እንደሚገባ፣ በማን መኪና፣ በየትኛው በር፤ ሕፃን እንኳ ይገባዋል። ስህተቱ የኔ ሊሆን ይችላል ያለኝ አንድም ሌባ የለም። የአባታችንን ፊልም ያነበቡልንስ ቢሆኑ ተደነቃቀፉ እንዴ? የተደነቃቀፍሽው አንቺ ነበርሽ።» ሚስማሩን ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው። «ትሂድ።»

 የወንድሜ ፍርድ ራሱ አልገባኝም፤ ልክ ይሁን ስህተት እስካሁን አላውቅም። ያልገባን ነገር ሁሉ እውነት ከሆነማ እኔ በእውነት ተከብቤ ነው የምኖረው። ግን ምን አጨቃጨቀኝ? እሱ ተነስቶ ከቆርቆሮው ጥላ ወጣ። ቀትር ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቀና አለ። ቆርቆሮ ፈላጊው ሰውዬም አብሮት ቀና አለ፣ ምን እንደሚያዩ ሳያውቅ።

«አሁንም እዚያ አለ?» አለኝ ሽኩር። «ቀንም ብርሃኑ ይመጣል?»

«ቀንም ማታም ይመጣል አለች መሰለኝ።»

«ከምድር በፊት የተነሳው?»

«እሱው።»

«ታዲያ የደረሰው ዛሬ ከሆነ፣ የነገው አሁን የት ደርሷል?»

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ፣ ሽኩር? ልጅ አለችህ አይደል?»

ኪሱን ዳበሰ። ስልኩን አውጥቶ ትንሽ አመነታና ደወለ። ጆሮው ላይ አድርጎ ጀርባውን ሰጠን፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። «ሐያት... እኔ ነኝ... አዎ፣ አባዬ... ደህና ነኝ፣ አክስትሽም ገብታለች... አይ፣ ስለ ሻንጣው አይደለም የደወልኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ እሺ?»